ካምሻፍት በራስ እጅ ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጃል? በቶዮታ 1ኤንዜድ ሞተር ላይ የተሠራ ዝርዝር መመሪያ

የቪትዝ ወይም የያሪስ ባለ 1.5 ሊትር ሞተር (1ኤንዜድ-ኤፍኢ) ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን በጉብታዎቹ እየገፋ የሚከፍተውን ዘንግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እጅ የሚቀይር ሰው ሁለት ሙሉ ቀን ይያዝ። የእጅ ሥራው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። የቀረው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ፣ ታፔት (በካምሻፍቱ ጉብታና በቫልቩ መካከል ያለው ክብ ብረት) እስኪገኝና ሲሊኮኑ እስኪይዝ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ይህን ሞተር ደጋግሞ የከፈተ መካኒክ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይበቃዋል፤ ያም ታፔቶቹ ልክ ሆነው ከተገኙለት ነው። በ2 ሰዓት እጨርሳለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ የቫልቭ ክፍተት (በጉብታውና በታፔቱ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት) ሳይለካ ሊዘጋው አስቧል ማለት ነው።

ካምሻፍቱን ማውጣትና ማስገባት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ጊዜውን የሚበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ሰንሰለት (የካቴናው) መወጠሪያና የታፔቶቹ ውፍረት። ከዚህ በታች ያለውም በእነዚህ ሁለቱ ላይ ይበረታል፤ ብሎን ስለመፍታት ብዙ አይልም።

መመሪያው ለ1.3 ሊትሩ 2ኤንዜድ-ኤፍኢም ይሠራል፤ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ያሪሶች ገና ብዙ ዓመት መጠገን አለባቸው። ሥራውን በትክክል ማወቅ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ሞተርዎ ሌላ ከሆነ ሰዓቱ ይለያያል

በቆዩት ኮሮላዎች ላይ ያለው 4ኤ-ኤፍኢ ካቴና ሳይሆን የታይሚንግ ቺንጊያ አለው። ቺንጊያው አንዱን ካምሻፍት ያዞራል፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛውን በጊር ይነዳዋል። የተነዳው ካምሻፍት ጊር ከጎኑ በስፕሪንግ የሚገፋ ቀጭን ጊር ተለጥፎበታል። ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱን በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን (የጥርስ ርቀቱ 1.0፣ ርዝመቱ ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር) አንድ ላይ ካላሰሩ፣ ቀጭኑ ጊር ይሸሽና መልሶ ማገጣጠሙ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ቺንጊያውን መፍታት ስላለ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይጨምሩ።

አሜሪካ ያላችሁና አሮጌ የሸቭሮሌ ቪ8 የያዛችሁ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ሥራ ነው የሚጠብቃችሁ። እዚያ ካምሻፍቱ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ላይኛ ክፍል) ላይ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ነው። ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፊት ክዳንና ኢንቴክ ማኒፎልድ ይወርዱና ካምሻፍቱ በፊት በኩል እንደ ጦር ይመዘዛል። ለጀማሪ ሁለት ቀን ተኩል ቢባል አይበዛም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የካምሻፍቱ መሆኑን ያረጋግጡ

ካምሻፍት በራሱ ጊዜ አይበላሽም። የሚበላው ዘይት ሲያጣ ነው፤ ዘይቱ ጎድሎ፣ ሳይቀየር ቆይቶ ወይም መተላለፊያው በጭቃ ተዘግቶ። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት የሚከተሉትን ይለዩ።

ከላይ የሚሰማው ቋሚ የ"ጠቅ ጠቅ" ድምፅ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው፤ ይህ በታፔት ብቻ ይድናል። ጠዋት ሲነሳ ለአንድና ሁለት ሰከንድ ተንኳክቶ የሚጠፋ ከሆነ የካቴና ወይም የመወጠሪያ ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተሩ ፒ0011 ወይም ፒ0012 ካወጣ ጥፋቱ በአብዛኛው የቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክለው ሥርዓት) ዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ወይም የእሱ ትንሽ ወንፊት መዘጋት ነው፤ የ30 ደቂቃ ጽዳት ሊበቃው ይችላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ እየሳተ ካንዴላውና ቦቢናው ደህና ከሆኑ ግን የቴስታታውን ክዳን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከተከፈተ በኋላ ማወቁ አይከብድም። የካምሻፍቱን ጉብታ ጫፍ በጥፍርዎ ወዲያና ወዲህ ይሂዱበት። ጤነኛ ጉብታ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። የተበላው ላይ ጥፍር ይያዛል፤ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ወይም በቁመቱ የተሰነጠቀ የሚመስል ጭረት ይታያል። ከዚያ ስምንቱንም ጉብታዎች በካሊፐር ከጫፍ እስከ ጀርባ ይለኩ። በአንድ ካምሻፍት ላይ ያሉት ሁሉ እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ከሌሎቹ 0.2 ሚሊ ሜትር ካጠረ ካምሻፍቱ አብቅቶለታል።

የሚዘጋጀው ዕቃ

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ የ10፣ 12፣ 14፣ 16 (ለካንዴላ) እና 19 (ለኮሎው፣ ማለትም ፒስቶኖቹ ለሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ፑሊ ብሎን) ሶኬቶች፣ የካምሻፍቱን ባለ ስድስት ጎን አንገት የሚይዝ ትልቅ ቁልፍ፣ ቀጭን ካቻቢቴ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ሽቦ ወይም የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች (ፊለር ጌጅ)፣ ማይክሮሜትር፣ ማግኔት፣ ነጭ ቀለም፣ ክሪክና አንድ ወፍራም ጣውላ።

ቶርክ ሬንች ግን የግድ ነው፤ ያውም ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር በትክክል የሚያነብ ትንሹ። ለጎማ ብሎን የሚሠራው ትልቁ ቶርክ ሬንች 13 ኒውተን ሜትርን አይሰማም። ብሎኖቹ ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚታሰሩ "በእጄ አውቀዋለሁ" ማለት ጥርስ ማስበላት ነው። አንድ የተበላ ጥርስ ሥራውን በአንድ ቀን ያዘገየዋል።

ከመለዋወጫ፦ ካምሻፍቱ፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮንና የካንዴላ ጉድጓድ ጎማዎች፣ የሞተር ሲሊኮን፣ የዘይት ፍልትሮና ከፍልትሮ ጋር 3.7 ሊትር ዘይት። ያገለገለ ካምሻፍት ከሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የሚገዙ ከሆነ ከነታፔቶቹ ይጠይቁ፤ ጉብታና ታፔት አብረው ስለሚለማመዱ ነው። ሲቀበሉም ተሸካሚ አንገቶቹ ላይ ጭረት አለመኖሩን በብርሃን ፊት ይዩ።

ቀን አንድ፣ ጠዋት፦ መክፈት (ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል)

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መሆን አለበት። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ብቻ ነው፤ ሙቅ ሞተር ላይ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ክዳኑን ከመፍታትዎ በፊት የሞተሩን አናት በብሩሽና በጨርቅ፣ ካለም በታመቀ አየር በደንብ ያጽዱ። የከተማ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ክዳኑ ዙሪያ ይጋገራል። ሲከፈት ወደ ውስጥ የሚወድቀው ያ ነው፤ የአሸዋ ቅንጣት በአዲስ ካምሻፍት አንገት ሥር ከገባ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። ከላይ ያለውን የአየር ማጣሪያ ቤት ያውርዱ፤ አራቱን ቦቢናዎችና ካንዴላዎች ያውጡ፤ ትንፋሽ ቱቦዎቹንና ክዳኑ ላይ የተያያዘውን ሽቦ ያላቁ። ካንዴላዎቹ ከወጡ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል፤ ጉድጓዶቹን ግን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። ቀኝ የፊት ጎማውንና ከሥሩ ያለውን መከላከያ ማንሳት የኮሎውን ፑሊ ለማግኘት ይረዳል። ከዚያ የክዳኑን ባለ 10 ብሎኖች ይፍቱ። ክዳኑ ከተጣበቀ በላስቲክ መዶሻ ጎኑን ይምቱ እንጂ ካቻቢቴ አስገብተው አይፈልቅቁ፤ አሉሚኒየሙ ላይ የሚቀረው ጭረት በኋላ ዘይት ያንጠባጥባል።

ዜሮ ላይ ማቆምና መለካት (45 ደቂቃ)

በ19 ሶኬት ኮሎውን ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ። ፑሊው ላይ ያለው ቁራጭ ክዳኑ ላይ ካለው 0 ጋር ሲገጥም ሁለቱ የካምሻፍት ጊሮች ላይ ያሉት ምልክቶች ወደ ላይ ማየት አለባቸው። ወደ ታች ካዩ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ።

አሁን ይለኩ። በዚህ ቦታ የሚለኩት የሲሊንደር 1 እና 2 የኢንቴክ (የአየር ማስገቢያ) ቫልቮች፣ እንዲሁም የ1 እና 3 የኤግዞስት (የጭስ ማውጫ) ቫልቮች ናቸው። አንድ ዙር አዙረው ደግሞ የ3 እና 4 ኢንቴክ፣ የ2 እና 4 ኤግዞስት። ልኩ ለኢንቴክ ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለኤግዞስት ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። ትክክለኛ ቅጠል ሲገባ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ይከብዳል፤ ያለምንም መያዝ ከተንሸራተተ ቀጥሎ ያለውን ወፍራም ይሞክሩ። አሥራ ስድስቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ በሥዕል ይጻፉ። በአሮጌው ካምሻፍት መለካት ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ በኋላ የትኛው ታፔት ከየት እንደሚዛወር የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው።

ሲጨርሱ ወደ ዜሮው ይመለሱና በሁለቱ ጊሮች ላይ፣ በያንዳንዱ አንድ ጥርስና ፊቱ ያለውን የካቴና ቀለበት በነጭ ቀለም ምልክት ያድርጉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ዘይት ያለበት ብረት ቀለም አይዝም፤ ቀድመው በፍሬን ማጽጃ ይጥረጉት።

መወጠሪያውን መቆለፍ (ለለመደ 20 ደቂቃ፣ ለጀማሪ እስከ 2 ሰዓት)

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። በአንዳንድ ሌሎች የቶዮታ ሞተሮች ላይ መወጠሪያው ከውጭ በሁለት ዳዶ ይወጣል። በ1ኤንዜድ ላይ ግን የካቴናው ክዳን ውስጥ ነው፤ የሚደረስበትም ክዳኑ ላይ ባለች አንዲት የአገልግሎት ቀዳዳ በኩል ነው። መድፈኛዋ ከቀኙ ሞተር ማውንት አጠገብ ስለሆነች እጅ ካልገባ፣ ከዘይት ገንዳው ሥር ጣውላ አድርገው ሞተሩን በክሪክ ይደግፉና ማውንቱን ያውርዱ። ለዚህ 45 ደቂቃ ይጨምሩ። ጣውላ ሳያደርጉ ክሪኩን በቀጥታ ቢያሳርፉ ገንዳው ይጎደጉዳል።

ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ ሲመለከቱ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ታያላችሁ። የመወጠሪያው ዘንግ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዘው እሷ ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ እጅ በቀጭን ካቻቢቴ ምላሷን ወደ ላይ ያንሱ። ምላሷ እንደተነሳች፣ በሌላው እጅ በትልቁ ቁልፍ የኤግዞስት ካምሻፍቱን ባለ ስድስት ጎን አንገት በቀስታ ወደ ቀኝ ይጫኑ። ካቴናው በላላው ጎኑ ይወጠርና ዘንጉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ዘንጉ ሲገባ የምላሷ ቀዳዳና የመወጠሪያው ቀዳዳ ይገጣጠማሉ፤ ያኔ ሽቦውን ያስገቡ። ሽቦው እንዳይወጣ በፕላስተር ክዳኑ ላይ ይለጥፉት።

ይህ ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ብቻዎን የሚታገሉ ከሆነ ያለ ምክንያት ሰዓት ይባክናል። ምላሷ ሳትነሳ ካምሻፍቱን በኃይል መጫን ደግሞ ካቴናውን ጥርስ ያዘልላል። ከከበደዎ ይልቀቁት፣ ምላሷን እንደገና ይፈልጉ። በትክክል ከያዟት ካምሻፍቱ በትንሽ ኃይል ነው የሚንቀሳቀሰው።

ከዚህ በኋላ ኮሎውን አይንኩ። 1ኤንዜድ ቫልቩና ፒስቶኑ የሚገናኙበት ሞተር ነው፤ ካቴናው ላልቶ ኮሎው ከዞረ ቫልቭ ይጣመማል፣ የሁለት ቀኑ ሥራም የቴስታታ ሥራ ይሆናል።

ማውጣት (1 ሰዓት ገደማ)

በካቴናው ክዳንና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በጨርቅ ይድፈኑ። እዚያ የወደቀ ብሎን ማግኔት ካላወጣው የፊት ክዳኑን ያስፈታል፤ ያ ደግሞ ሌላ አንድ ሙሉ ቀን ነው።

የኤግዞስት ካምሻፍቱን አንገት በቁልፍ ይዘው የጊሩን መሐል ብሎን ያላሉ፤ ገና አያውጡት። ከዚያ ካምሻፍቱን ከላይ የሚይዙትን ቆቦች ብሎኖች ከዳር ወደ መሐል፣ በየዙሩ ሩብ ሩብ እያዞሩ ይፍቱ። አንዱን ቆብ በአንድ ጊዜ ጨርሶ መፍታት ክልክል ነው፤ የቫልቭ ስፕሪንጎቹ ካምሻፍቱን በአንድ ወገን ወደ ላይ ይገፉና ይሰብሩታል ወይም ቆቡን ያስነጥቁታል። ካምሻፍቱ ጠንካራ ቢመስልም ሲታጠፍ የሚሰበር ብረት ነው።

ቆቦቹ ቁጥርና ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት አላቸው። በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይደርድሯቸው። እያንዳንዱ ቆብ የተሞረደው ከቦታው ጋር አብሮ ነው፤ ከተቀያየሩ ካምሻፍቱ ይያዛል።

የኤግዞስቱ ጊር ከካምሻፍቱ ሲላቀቅ ካቴናውን በአንድ እጅ ይያዙ። ከዚያ የኢንቴኩን ቆቦች በተመሳሳይ መንገድ ይፍቱና ካምሻፍቱን ከነቪቪቲ-አይ ጊሩ ያንሱት። ካቴናውን በሽቦ ከኮፋኖው ላይ አንጠልጥለው ይሰሩት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ከታችኛው ጊር ይወጣል።

የኢንቴኩ ካምሻፍት ከሆነ የሚቀየረው ጊሩን ወደ አዲሱ ማዛወር አለ። ካምሻፍቱን በባለ ስድስት ጎን አንገቱ፣ አሉሚኒየም ወይም እንጨት በለበሰ ሞርሳ ይያዙና የመሐሉን ብሎን ብቻ ይፍቱ። ዙሪያውን ያሉት አራት ትናንሽ ብሎኖች ጊሩን ራሱን የሚዘጉ ስለሆኑ አይነኩም። ሲገጥሙት በቀስታ እየገፉ የካምሻፍቱ ፒን ቦታው እስኪገባ ያዟዙሩት፤ በጊሩና በካምሻፍቱ አንገት መካከል ክፍተት ከታየ ፒኑ አልገባም። ከዚያ በ64 ኒውተን ሜትር ይሰሩ።

ቴስታታውን ማየት (30 ደቂቃ፣ የማይዘለል)

በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ የሚዞረው በብሮንዚና (የሚቀየር ማረፊያ) ላይ ሳይሆን በራሱ በአሉሚኒየሙ ላይ ነው። አንገት ማረፊያዎቹ በጥልቀት ከተጫሩ አዲስ ካምሻፍት አያድናቸውም፤ የዘይት ግፊት እዚያ ይፈስሳል፣ አዲሱም ይበላል። ጣትዎ የሚይዘው ጭረት ካለ ሥራውን ያቁሙና ስለ ቴስታታ ያስቡ።

የዘይት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በታመቀ አየር ይንፉ። የቀድሞው ካምሻፍት በዘይት እጦት ከተበላ ምክንያቱ ምናልባት እዚህ ተደፍኖ ያለ ጭቃ ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ የተገጠመ አዲስ ካምሻፍትም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። የቪቪቲ-አይ ወንፊቱንም በዚሁ ጊዜ ያጽዱ።

ታፔቶቹን በማግኔት እያወጡ ፊታቸውን ይዩ። የተቦረቦረ ወይም የጎደጎደ ታፔት በአዲስ ጉብታ ሥር መልሶ ማስገባት አዲሱን ማበላሸት ነው። እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ቁጥር ያስቀምጡ።

ታፔት፦ ግማሽ ቀን የሚሄድበት ስሌት

በ1ኤንዜድ ላይ ክፍተቱ የሚስተካከለው በብሎን ወይም በሺም አይደለም፤ ታፔቱ ራሱ ይቀየራል። ከ5.060 እስከ 5.740 ሚሊ ሜትር፣ በ0.020 ልዩነት 35 ዓይነት ውፍረት አለ። የታፔቱ ውስጥ ቁጥር ተቀርጿል፤ ያገለገለ ግን ስለሚሳሳ በማይክሮሜትር መለካቱ ይበልጣል።

ስሌቱ ይህ ነው። ለኢንቴክ፦ አዲሱ ውፍረት = የወጣው ታፔት ውፍረት + (የተለካው ክፍተት − 0.20)። ለኤግዞስት በ0.20 ፋንታ 0.30 ይግባ። ምሳሌ፦ የኢንቴክ ክፍተት 0.32 ሆኖ ታፔቱ 5.28 ከሆነ፣ 5.28 + 0.12 = 5.40 ያስፈልጋል። የኤግዞስት ክፍተት 0.22 ሆኖ ታፔቱ 5.34 ከሆነ፣ 5.34 − 0.08 = 5.26።

ችግሩ ክፍተቱ የሚለካው አዲሱ ካምሻፍት ተገጥሞ፣ ቆቦቹ በልክ ታስረው፣ ካቴናው ገብቶ ነው። ልክ ካልሆነ ሁሉም እንደገና ይፈታል። ይህን ድርብ ሥራ ለመቀነስ የሚረዳ መንገድ አለ፦ የአሮጌውንና የአዲሱን ካምሻፍት የጉብታ ጀርባ፣ ማለትም ክቡን ክፍል፣ ከጎን ወደ ጎን በማይክሮሜትር ይለኩ። የሁለቱ ልዩነት ግማሽ በክፍተቱ ላይ የሚመጣው ለውጥ ነው። አዲሱ በ0.08 ካነሰ ክፍተቱ በ0.04 ይሰፋል። ጠዋት ከጻፉት ወረቀት ጋር ሲደምሩት የትኞቹ ታፔቶች ከልክ እንደሚወጡ ሳይገጥሙ በግምት ያውቃሉ። ያገኙትን ውፍረት በያንዳንዱ ቦታ ጽፈው ያሉትን አሥራ ስድስቱን መጀመሪያ እርስ በርስ ያዘዋውሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሦስት ወይም አራት ብቻ ይሆናል። ውፍረቱን ለይቶ የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀኑን ሁለት የሚያደርገውም በዋናነት ይህ ነው።

ቀን ሁለት፦ መግጠም (ከ2 እስከ 3 ሰዓት)

ታፔቶቹን በንጹሕ ዘይት ነክረው ያስገቡ፤ በጣት ሲያዞሯቸው በነፃ መዞር አለባቸው። ማረፊያዎቹንና ጉብታዎቹን በሞተር መገጣጠሚያ ቅባት፣ ከጠፋም በወፍራም ዘይት በደንብ ይቀቡ።

የኢንቴኩን ካምሻፍት ቀለም ያለውን ጥርስ ከቀለም ካለው ቀለበት ጋር አገናኝተው ያስቀምጡ፤ ከዚያ የኤግዞስቱን ጊር ካቴናው ውስጥ ምልክቱን ጠብቀው ይያዙና ካምሻፍቱን ያገናኙት። የቆብ ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ በብዙ ዙር እያመጣጠኑ ይሰሩ፤ የፊተኛው ትልቁ ቆብ 23፣ ሌሎቹ 13 ኒውተን ሜትር። የኤግዞስት ጊሩ ብሎን 64።

ሽቦውን ሲመዙ መወጠሪያው ሲፈነጠር ይሰማል። ካልተሰማ በቀዳዳው ይዩ፤ ዘንጉ ካቴናውን ገፍቶ መያዙን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉ። መድፈኛዋን በሲሊኮን ቀብተው ይመልሱ፤ ማውንቱንም።

አሁን ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ጠንካራ ነገር ከገጠመዎ ያቁሙ፤ ቫልቭ ፒስቶን ነክቷል ማለት ነውና መግፋት አይገባም። ሁለት ዙር ሲሞላ የፑሊው ቁራጭ 0 ላይ፣ የጊሮቹ ምልክቶች ወደ ላይ ይሆናሉ። ቀለም የቀቡት የካቴና ቀለበት ግን ወደ ቦታው አይመለስም፤ ይህ ትክክል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደንግጦ ደህናውን ሥራ መልሶ ይፈታል። ከዚያ አሥራ ስድስቱንም ክፍተቶች እንደገና ይለኩ።

መዝጋት (45 ደቂቃ ሥራ፣ 2 ሰዓት መጠበቅ)

የካቴናው ክዳን ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ማዕዘኖች አሉ። አሮጌውን ሲሊኮን ጠራርገው፣ ዘይቱን በፍሬን ማጽጃ አጥፍተው፣ እያንዳንዳቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሲሊኮን ያድርጉ። በ3 ደቂቃ ውስጥ ክዳኑን አስቀምጠው በ10 ኒውተን ሜትር ይሰሩ። ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ሞተሩ አይነሳም። ይህን የሚዘሉ ሰዎች በሳምንቱ የዘይት ሽታ ይዘው ይመለሳሉ። ጊዜውን ዘይትና ፍልትሮ ለመቀየር ይጠቀሙበት፤ ከአሮጌው ካምሻፍት የወጣ የብረት ብናኝ እዚያ ውስጥ አለ።

ማስነሳት

ካንዴላዎቹን ሳይመልሱ፣ የአራቱን ኢንጀክተሮች ሶኬት ነቅለው፣ ባትሪውን አገናኝተው በሞተሪኖ 10 10 ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ያዙሩት። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ላይ ደርሷል። ከዚያ ሁሉንም መልሰው ያስነሱ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ድምፅ የተለመደ ነው፤ መወጠሪያው በዘይት እስኪሞላ ነው። ከ10 ሰከንድ በላይ ከቀጠለ ያጥፉ። የአሜሪካ ቪ8 ባለቤቶች አዲስ ካምሻፍት ከጠፍጣፋ ታፔት ጋር ሲገጥሙ ወዲያው ከ2000 ዙር በላይ አድርገው ለ20 ደቂቃ ያህል ያቆዩታል፤ እዚያ ጉብታው ዘይት የሚያገኘው ከኮሎው በሚረጭለት ነውና። በዚህ ሞተር ግን ዘይቱ ከላይ በግፊት ስለሚደርስ በሚኒሞ እስኪሞቅ መተው ይበቃል፤ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ከ3000 ዙር አያሳልፉት።

ሲነሳ ከተንቀጠቀጠና ጉልበት ካጣ ካቴናው አንድ ጥርስ ዘሏል፤ ወደ ዜሮው ተመልሰው ምልክቶቹን ይዩ። በደንብ እየሠራ የሞተር መብራት ከበራ መጀመሪያ የካምሻፍት ሴንሰሩንና የቪቪቲ-አይ ቫልቩን ሶኬቶች ይፈትሹ፤ ሳይገጠሙ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ሶኬቶቹ ሲነቀሉ የተመዘገቡ ኮዶችን አጥፍተው እንደገና ይንዱት።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱንና ፍልትሮውን ቀይሩ፤ ፍልትሮውን ቀደው ወረቀቱን በብርሃን ፊት ዘርጉት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ ካነሳው ከጉብታ ወይም ከታፔት የመጣ ብረት ነው፣ ካላነሳው ከማረፊያዎቹ የመጣ አሉሚኒየም ነው፤ በሁለቱም ሁኔታ ክዳኑ እንደገና መከፈት አለበት።